ዋናው በመሳቢያ፣ ቅጂው በግድግዳ

ጃፓናዊው ሠዓሊ ካትሱሺካ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ የሠራው «ታላቁ ማዕበል» የተባለ የእንጨት ህትመት ዛሬ በጃፓን የ1,000 የን ኖት ጀርባ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከጥንቶቹ ቅጂዎች አንዱ ኒውዮርክ ውስጥ በ2.76 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ሲወጣ ግን ተራው የከተማ ነዋሪ ሊገዛው የሚችል፣ በብዛት የታተመ ወረቀት ነበር። ሠዓሊው በእጁ የነደፈውማ የለም፤ ቀራጩ ንድፉን በፊቱ ደፍቶ እንጨቱ ላይ ይለጥፍና ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል። ስለዚህ «ዋና» የምንለውም ራሱ ቅጂ ነው።

ሥራው የአራት ሰዎች ነው፦ አሳታሚው ያዛል፣ ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ የቼሪ እንጨት ይቀርጻል፣ አታሚው ያትማል። ለየቀለሙ የተቀረጸ ገጽ ያስፈልጋል። ወረቀቱ በየተራው ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል፣ ጠርዙ የሚያርፍበት «ኬንቶ» የሚባል ምልክት በየሰሌዳው ይቀረጻል። ማተሚያ ማሽን የለም፤ አታሚው ቀለሙን በብሩሽ ቀብቶ፣ ከኮዞ ተክል ልጥ የተሠራውን እርጥብ ወረቀት ያለብስና ጀርባውን በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ክብ መፈተጊያ፣ በ«ባረን»፣ ይፈትገዋል።

እንዲህ የተሠራውን ወረቀት ብርሃን ይጎዳዋል። ከሱፍ (ሳፍላወር) አበባ የሚወጣው ቀይና ከአበባ የሚጨመቀው የጥንቱ ሰማያዊ ቶሎ ይደበዝዛሉ። አሲድ ያለበት ካርቶን ላይ የተለጠፈ ደግሞ ይበልዛል። የጥገና ባለሙያው መጀመሪያ ቀለሙ በውሃ ይለቅ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ከዚያ ካርቶኑን በዝግታ ያላቅቃል፣ ቀዳዳውን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይጠግናል። ይህ ሙጫ በውሃ ስለሚለቅ፣ ወደፊት የተሻለ ዘዴ ቢገኝ ጥገናውን ማንሳት ይቻላል። የደበዘዘውን ቀለም ግን አይቀባም፤ ከቀባው የሆኩሳይን ዘመን ሥራ ከራሱ ጋር ይቀላቅለዋል።

የጠፋውን ቀለም መመለስ የሌላ ሙያ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው አዳቺ የተባለው የቶኪዮ የእንጨት ህትመት ተቋም፣ ከጥንት ህትመት መስመሩን እየቀዳ ሰሌዳዎቹን እንደ አዲስ ያስቀርጻል፣ በእጅ በተሠራ ወረቀትም ያትማል። ገዢውን እስካላታለለ ድረስ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ያው ሥራ በአዲስ እጅ ይቀጥላል።

ለቤቱ የሚገዛ ሰው አጉሊ መነጽር ይያዝ። የፋብሪካ ህትመት በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ነው፤ የእንጨቱ ግን ቀለሙ ወጥ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከጀርባም ይታያል። ፍሬሙ አሲድ የሌለው ካርቶንና አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት ይኑረው፤ ፕላስተር ግን ፈጽሞ አይለጠፍበት። ሙዚየሞች እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በ50 ሉክስ ገደማ ደብዛዛ ብርሃን፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ብቻ ያሳያሉ። ሳሎን ይህን ያህል መጨለም አይችልም። ስለዚህ አሮጌው ህትመት ያለው ሰው እሱን በመሳቢያ አስቀምጦ፣ አዲስ የታተመውን ቢሰቅል ሁለቱም ይጠቀማሉ፦ ወረቀቱ ዕድሜ ያገኛል፣ እንግዳውም የሆኩሳይ ዘመን ገበያተኛ ካየው ቀለም ጋር የሚቀራረበውን ያያል።