ለስልካችሁ የትኛው ብሮውዘር?
ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራ፦ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የተሠሩት ክሮሚየም በሚባል አንድ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ «የቱ ይፈጥናል?» የሚለው ክርክር ብዙም አያዋጣም። በአንድሮይድ ስልክ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ማስታወቂያ ማገዱ ነው (ማስታወቂያም እኮ ጥቅል ይበላል!)። ፋየርፎክስ እንደ ዩብሎክ ኦሪጅን ያሉ ማገጃዎችን በስልክም ያስጭናል፤ የስልኩ ክሮም አይቀበልም። ብሬቭ ማገጃው አብሮት ይመጣል።

ኦፔራ ሚኒ በዳታ ቁጠባ ይታወቃል። የሚቆጥበው ግን ገጹን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር አሳልፎ፣ ጨምቆ ስለሚልክላችሁ ነው። ለዜና ግሩም ነው፤ የባንክ የይለፍ ቃል ከማስገባታችሁ በፊት ግን ቁጠባውን አጥፉት ወይም ሌላ ብሮውዘር ክፈቱ።

አይፎን የያዛችሁ ብዙ አትጨነቁ። ከጥቂት አገሮች በቀር፣ እዚያ የምትጭኑት ብሮውዘር ሁሉ ውስጡ የሳፋሪ ሞተር ነው።