የጓሮው የመጀመሪያ ደንበኛ

የገበያ ቀን ነው። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ ግን በሰው ተሞልቷል። አህዮች ጤፍ ተጭነው ያዘግማሉ። አንዱ ዶሮ ይዟል። ሌላው ፍየል ይነዳል። ሌላው ጌሾ ተሸክሟል።

ከሰዎቹ መካከል አንዲት እናት አለች። በእንቅብ ጎመን ይዛለች። በትንሽ ቅርጫት ደግሞ አሥር እንቁላል በጭድ አድርጋ ይዛለች። ጎመኑም እንቁላሉም የጓሮዋ ነው።

ረፋድ ላይ ገበያው ደመቀ። አንዲት ወጣት መጣች።

«እትዬ፣ ጎመኑ እንዴት ነው?»

«እርጥብ ነው እህቴ። ዛሬ ጧት ነው የቀጠፍኩት። ነይ እይው።»

«ዋጋውን ቀንሽልኝ እንጂ!»

«ዋጋውስ አይቀንስም። ምራቂ እጨምርልሻለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ጎመኑ ተሸጠ። እንቁላሉም አለቀ። እናትየዋ በገንዘቡ ጨው ገዛች። ሳሙና ገዛች። ቡና ገዛች። ለትንሹ ልጇም ብስኩት ገዛችለት። ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ማታ እራት ቀረበ። እንጀራ በሽሮ ነው። ጎመን የለም። እንቁላልም የለም። ሁሉም ገበያ ሄዷል።

እንዲህ ያለች እናት አንዲት ብቻ አይደለችም። በቢቸናም በሞጣም ብዙ ናቸው። ምናልባት በእኛም ቤት አለች። ጥፋተኛ አይደለችም። ጨው ያስፈልጋል። ሳሙናም ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የጓሮው የመጀመሪያ ደንበኛ ማን መሆን ነበረበት?

ጎተራው ሙሉ ነው፤ ልጁስ?

ቢቸና በእነማይ ወረዳ ትገኛለች። ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ በኩል ናት። ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ከአካባቢው በላይ የጮቄ ተራራ አለ። ከፍታው ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከጮቄ የሚነሡ ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ።

አገሩ ጤፍ ያበቅላል። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራም ያበቅላል። ጎጃም የእህል አገር ነው ይባላል። እውነት ነው።

ታዲያ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙሉ የሕዝብና የጤና ጥናት ተካሄደ። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍ ያለው ቁጥር ይህ ነበር።

መቀንጨር ማለት ምን ማለት ነው? ልጅ በዕድሜው ልክ ሳያድግ ሲቀር፣ ቁመቱም ሲያጥር ነው። ጉዳቱ በቁመት ብቻ አይቀርም። የአእምሮ ዕድገትም ይጎዳል። ልጁ ትምህርት ሊከብደው ይችላል። በሽታም ቶሎ ይይዘዋል።

«የእኔ ልጅ እኮ ይጠግባል!» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ ሆዱ ይጠግባል። ነገር ግን ቤት ስንሠራ እናስብ። ቤት በምሰሶ ብቻ ይቆማል? አይቆምም። ማገር ይፈልጋል። ጭቃ ይፈልጋል። ክዳን ይፈልጋል። የልጅ ሰውነትም እንዲሁ ነው። እንጀራ ጉልበት ይሰጠዋል። ሽሮ ሰውነቱን ይገነባለታል። ነገር ግን አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ወተት ካላገኘ ሕንፃው ይጎድላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ተቅማጥ የሚደጋገምበት ልጅ የበላው አይረጋለትም። ስለዚህ ንጹሕ ውኃና የታጠበ እጅ ከምግቡ እኩል ያስፈልጋሉ።

አንድ ሺህ ቀን

እስቲ እንደምር። ልጅ በእናቱ ማሕፀን ወደ 270 ቀን ይቆያል። የመጀመሪያው ዓመት 365 ቀን ነው። ሁለተኛው ዓመትም 365 ቀን ነው። ድምሩ 1000 ቀን ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት የቀነጨረን ልጅ በኋላ ለመመለስ በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት በደንብ ትብላ። ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ ይጀመርለት።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዕቅድ አወጣ። ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማጥፋት ነው። የታሰበው ጊዜ እስከ 2022 ዓ.ም. ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የሚጀመረው ግን ከትንሽ ቦታ ነው። ከጓሮ።

ጓሮ ምን ይሰጣል?

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይሰጣል። ካሮት፣ ዱባ፣ ቀይ ሥርና ድንች ይሰጣል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ይሰጣል። ጤና አዳም፣ በሶብላና ጌሾም ከጓሮ አይጠፉም።

ዳፍንትን ታውቃላችሁ? ቀን አጥርቶ የሚያይ ልጅ ሲመሽ ይደናበራል። አንዱ ምክንያት ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር ከምግቡ መጥፋቱ ነው። ይህ ነገር በካሮትና በቢጫ ዱባ ውስጥ አለ። ጥቁር አረንጓዴ በሆነ ጎመንም ውስጥ አለ። ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ለሰውነት የበለጠ ይስማማል። ዳፍንት የያዘውን ልጅ ግን ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጎመን ሲቀቀል ብዙ አይቆይ። የተቀቀለበት ውኃም አይደፋ። ከጥቅሙ አንዳንዱ በውኃው ውስጥ ይቀራል።

«ካሮትና ቀይ ሥር የአባቶቻችን ምግብ አይደለም» ይባል ይሆናል። እስቲ ድንችን እናስብ። ድንችም ባዕድ ነበር። የዛሬ 160 ዓመት ገደማ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። በርበሬም ቢሆን መነሻው አሜሪካ ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ይሠራል? አዲስ ነገር ይለመዳል።

ጓሮው እንዴት ይያዝ?

ሰፊ መሬት አያስፈልግም። ከቤቱ አጠገብ ያለች ትንሽ ቦታ ትበቃለች።

አንደኛ፣ አጥሩ ይጥበቅ። ዶሮና ፍየል የአንድ ወር ድካም በአንድ ጧት ይጨርሳሉ።

ሁለተኛ፣ ጓሮው ከባሕር ዛፍ ይራቅ። የባሕር ዛፍ ሥር ውኃውን ይሻማል።

ሦስተኛ፣ ብስባሽ አዘጋጁ። ገለባ፣ ቅጠል፣ እበትና ጥቂት አመድ በየተራ ከምሩ። በመጠኑ አርጥቡት። በየጊዜው አገላብጡት። ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ጥቁር አፈር ይመስላል። ያን ጊዜ መደቡ ላይ ጨምሩት። እርጥብ እበት ግን በችግኝ ላይ አይደረግም። ያቃጥለዋል።

አራተኛ፣ የጎመን ዘር በመጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ ይፈላ። ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ሲል ችግኙ ወደ ዋናው መደብ ይዛወር። ውኃው ጧት ወይም ማታ ይጠጣ። ስትቀጥፉ ከውጭ ያለውን ቅጠል ቅጠፉ። ልቡን ተዉት። መልሶ ያቆጠቁጣል።

አምስተኛ፣ ድንች በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ክፍል መርዝ አለበት። አይበላም።

ስድስተኛ፣ ትል ሲታይ በእጅ ልቀሙ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ ግን ተጠንቀቁ። ተረጭቶ ስንት ቀን ካለፈው በኋላ እንደሚበላ በዕቃው ላይ ተጽፏል። ድሮ ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። ዛሬ ራሳችን እናንብብ። ቀኑ ሳይደርስ አንብላ፤ አንሽጥም።

ገበያ አትሂዱ አንልም

ገበያ መልካም ነገር ነው። ሰው ይገናኛል። ወሬ ይሰማል። ዘርና ዕቃ ይገኛል።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አሮጌ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራለት። ሰው ዓባይን በገመድ ለመሻገር የደፈረው ለምንድን ነው? ከማዶ ዘመድ አለ። ከማዶ ገበያ አለ። ስለዚህ ገበያ አትሂዱ አንልም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አካፍሉ እንላለን።

ዐሥር እንቁላል ካለ አራቱ ለቤት ይቅር። ዐሥር እስር ጎመን ካለ ሦስቱ ወይም አራቱ ለቤት ይቅር። ቀሪው ይሸጥ። መካፈሉ በቤት ይሁን። ገበያ ከደረሱ በኋላ ሁሉም መሸጡ አይቀርም።

ለገበያ የሚሆነውንም በዘዴ እንያዝ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከተከለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። ያን ጊዜ ዋጋው ይወድቃል። እህል ቢጠብቅ ችግር የለውም። ጎመን ግን አይጠብቅም፤ ይጠወልጋል። ስለዚህ መደቡን ከፋፍላችሁ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ዝሩ።

ጾምንም አስታውሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ጊዜ አትክልት ፈላጊው ይበዛል። የእንቁላል ዋጋ ደግሞ ዝቅ ይላል። በርካሽ ከምትሸጡት ለሕፃኑ አብሉት። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም። ዕቃው እንዳይነካካ የምትሰጉ እናቶች ለሕፃኑ የራሱን ትንሽ ድስት ለዩለት።

በገበያም ስትገዙ አስቡ። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለውን ምረጡ። እንቅርትን ይከላከላል። ብስኩቱ ግን የእንቁላልን ቦታ አይተካም። እንቁላል ሸጦ ብስኩት መግዛት ኪሳራ ነው።

ጓሮው በደብተር

ፊደል የለየ ሰው ጓሮውን በደብተር ይይዛል። እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

ጥቅምት 5፦ የጎመን ችግኝ አዛወርን።

ኅዳር 20፦ ጎመን ቀጠፍን። ለቤት 4 እስር። ለገበያ 6 እስር።

ኅዳር 22፦ ሕፃኑ እንቁላል በላ።

ይህ ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። መቼ እንደተተከለ ይናገራል። ምን ያህል እንደተሸጠ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ ድርሻ እንዳልተረሳ ይናገራል። ባልም ሚስትም ይጻፉ። ጓሮው የሁለቱም ነው። ውኃ መቅዳቱና መኮትኮቱም በእናት ላይ ብቻ አይጣል።

ሌላ የገበያ ቀን

እንግዲህ ያቺ እናት በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንዲህ ብታደርግስ? በቢቸና መንገድ ላይ ናት። እንቅቧ ትንሽ ቀለል ብሏል። ያቺ ወጣትም ትመጣለች።

«እትዬ፣ ዛሬ እንቁላሉ አነሰሳ! ዶሮዋ ታመመች እንዴ?»

«አይ እህቴ፣ ዶሮዋ ደኅና ናት። የሚቀድምሽ ደንበኛ ቤቴ ውስጥ አለ። ገና ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ምን ይከፍላል ታዲያ?»

«እሱማ ዱቤ ነው የሚወስደው። አድጎ ይከፍለኛል።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ልጁም እንዲሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መቀንጨር ማለት ምን ማለት ነው?
2. 1000 ቀን የሚባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው?
3. በእናንተ ጓሮ ምን ምን አለ? ከዚያ ውስጥ በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁ የበሉት የትኛውን ነው?
4. ከገበያ በፊት ለቤት ምን ያህል ይቅር ትላላችሁ? ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ። የተስማማችሁበትን በደብተራችሁ ጻፉ።