ኮንሰርቫቶሪ የአበባ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት?

ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላስረዳችሁ ነው። ቃሏ ኮንሰርቫቶሪ ትባላለች። ከእሷ ጋር የተጣላነው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

ምንባቡ ላይ አንዲት ልጅ ኮንሰርቫቶሪ ገብታ ቫዮሊን እንደምትማር ይናገራል። ቲቸር የአዳዲስ ቃላቱን ትርጉም ፈልጋችሁ ኑ አሉን። እኔ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ትንሿን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የመስታወት ቤት ነው፣ አትክልት የሚያድግበት ትላለች። በማግስቱ እጄን አውጥቼ “ልጅቷ የአበባ ቤት ውስጥ ገብታ ቫዮሊን ትማራለች” አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳምንቱን ሙሉ ስሜ “አበባ ቤት” ሆነ። አሁንም እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ልጅ አለ፣ ራሱን ያውቃል።

ግን እኮ አልተሳሳትኩም! ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። ሥሩ የላቲን ሲሆን መጠበቅ፣ እንዳይጠፋ ማቆየት ማለት ነው። ብርድ አገር ውስጥ አበባው በውርጭ እንዳይሞት በመስታወት ቤት ይጠበቃል። ያ አንዱ ኮንሰርቫቶሪ ነው።

ሁለተኛው የመጣው ከጣሊያን አገር፣ ከኔፕልስ ከተማ ነው። በፈረንጆች በ1500ዎቹ እዚያ ወላጅ የሌላቸውንና የድሀ ልጆችን የሚያሳድጉ ቤቶች ነበሩ፤ ስማቸው ኮንሰርቫቶሪዮ ይባላል። የሚጠበቁት ልጆቹ ናቸው እንጂ ሙዚቃው አይደለም። ልጆቹ ሲያድጉ እንዳይቸገሩ ሙያ ይማራሉ። ቀስ በቀስ ዝማሬውና ሙዚቃው በረታ። በበዓልና በቀብር ላይ እየዘመሩ ለቤታቸው ገንዘብ ያስገቡ ነበር። ቬኒስ ከተማም የሴት ልጆች ማሳደጊያ ነበረ፤ ቪቫልዲ የሚባለው ስመ ጥር ሙዚቀኛ እዚያ ቫዮሊን አስተምሯል። በኋላ በ1795 ፓሪስ ላይ ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይኸው ስም ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ የድሀ ልጆች ቤት መሆኑ ተረሳና ቃሉ ማዕረግ ያለው ቃል ሆነ።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች የሙዚቃውን ትምህርት ቤት ኮንሰርቫቶሪ ይሉታል። እንግሊዞች ግን ከፈረንሳይኛ ወስደው ኮንሰርቫትዋር ይላሉ፤ ምክንያቱም እነሱ ጋ ኮንሰርቫቶሪ ማለት ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራ የመስታወት ክፍል ነው። ሙዚቃ የሚያስተምር ሁሉ በዚህ ስም አይጠራም። ተማሪው ለመግባት መምህራን ፊት ተጫውቶ ይፈተናል። ከገባም በኋላ ዋናው ሥራው ልምምድ ነው፤ አንድ መምህር ፊት አንድ ተማሪ ቀርቦ ይታረማል። ቲያትርና ዳንስ የሚያስተምሩም አሉ። ሥዕል ከሆነ ግን አርት ስኩል ማለት ይሻላል።

ደግሞ በስሙ አትታለሉ። ለንደን ያለውና በ1822 የተቋቋመው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ስሙ አካዳሚ ነው፣ ሥራው ግን የኮንሰርቫትዋር ነው። (እኛ ጎንደር አካዳሚ ሲባል ሰርቪስ ያለው የግል ትምህርት ቤት ነው የሚመስለን።) አዲስ አበባ ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ፒያኖም ክራርም ማሲንቆም ይማሩበታል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ቀጥሎ ቡልጋሪያ ሄዶ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ነው የተማረው።

አሁን ሆዴ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ከጃናሞራ መጥቶ እዚሁ ጎንደር በዓታ አቋቋም ይማራል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰውዬ ቤታችን መጥቶ ፎርም ሲሞላ፣ ስለ እሱም እናቴን ጠየቃት። “ስንተኛ ክፍል ነው?” አላት። “አስኳላ አልገባም፣ የቆሎ ተማሪ ነው” አለችው። ሰውየው “ያልተማረ” ብሎ ጻፈ። የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ መቋሚያውን አንስቶ ወጣ። እኔ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

አቋቋም ማለት ዜማውን ከከበሮ፣ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር አስማምቶ በአካል እንቅስቃሴ ማቅረብ ነው። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆመን የምናየው ወረብ ከዚህ ትምህርት የሚወጣ ነው። በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሃና እንኳ፣ የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ጀምረው በልጃቸው በተክሌ በኩል እንዳስፋፉት ይነገራል። ድጓ የተማሩ ሰዎች ከየአገሩ አቋቋም ሊያስመሰክሩ የሚመጡት ወደ በዓታ ነው። የኔታ ፊት ቀርበው ይቀጽላሉ፤ ከተሳሳቱ እንደገና ነው። የሚበሉት ለምነው ነው። ስለ ኔፕልስ ልጆች ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጡት እነሱ ናቸው።

ይህን ሳስብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የተማሩ፣ በኋላም በፒያኖ የታወቁ ናቸው። ቅድም ያነሳሁት የለንደኑ ሮያል አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። በጣም አዘኑ፤ በኋላ መነኮሱ። ከዚያስ የት መጡ? ጎንደር! በ1950ዎቹ እዚህ እየኖሩ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጁ ላይ ሜዳ የሚያድሩ ልጆች ያያሉ። ማን እንደሆኑ ሲጠይቁ፣ ዜማ ሊማሩ ከቤታቸው ርቀው የመጡ የቆሎ ተማሪዎች መሆናቸው ተነገራቸው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። የፒያኖ ድርሰታቸው ጀርመን አገር በሸክላ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ታዲያ በዓታ ኮንሰርቫቶሪ ነው ማለት ይቻላል? ቲቸርን ስጠይቃቸው “ዜማ ጸሎት ነው፣ ኮንሰርት አይደለም፤ የኔታን ሙዚቀኛ ብትያቸው ይቀየሙሻል” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የቃሉን ሥር፣ መጠበቅ የሚለውን ይዤ ነው የምከራከረው። ዜማው ከያሬድ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቆየው ልጆች በቃላቸው እየያዙት ነው። ሰውየው ፎርሙ ላይ ምን መጻፍ እንደነበረበት ከተጠየቅኩ፣ “አቋቋም፣ ሦስተኛ ዓመት” ነው የምለው።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤት ሲመጣ ይህን ሁሉ አነበብኩለት። ኮንሰርቫቶሪ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። “መቋሚያ አላቸው?” አለኝ። “የላቸውም፣ ፒያኖ ነው” አልኩት። “ስንት ዓመት ይማራሉ?”

“እንደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከሆነ አራት ዓመት።”

ሳቀብኝ። “አራት? እኔ ድጓውን ብቻ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል!”