በቀን 10 ደቂቃ፦ የቤተሰባችሁን ታሪክ ሳይረፍድ እንዴት ትሰበስባላችሁ?

እስኪ ማንንም ሳትጠይቁ አንድ ነገር ሞክሩ። የእናታችሁን እናት የወለዷቸው ሴት ስማቸው ማን ነበር? የት ተወለዱ? ስንት ልጅ ወለዱ?

አብዛኞቻችን እዚህ ጋ ጭጭ ነው። በአባት በኩል ቢሆን ምናልባት አራት አምስት ስም እንቆጥራለን፤ በእናት በኩል ግን ሁለተኛው ላይ እንቆማለን። የስማችን አሠራርም አያግዝም። መታወቂያችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ በቃ። አንድ ወንድ ልጅ ሲወልድ የእሱ አያት ስም ከልጁ መታወቂያ ላይ ይወድቃል። በየትውልዱ አንድ ስም ከኋላ ይረግፋል ማለት ነው። የሴቶቹ ስም ደግሞ መጀመሪያውኑ አልገባም።

ድሮ ይሄን የሚሞላ ሥርዓት ነበር። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ "እስከ ሰባት ቤት" ይቆጠራል፤ ተዛማጅ ከተገኘ ነገሩ ይፈርሳል። በርስት አገር ደግሞ መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ስለነበር፣ ዘሩን በእናትም በአባትም መቁጠር ያልቻለ ሰው ሙግት ላይ ይረታል። አያቶቻችን ትውልድ የሚቆጥሩት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱ ቀረ። ከተማ ተወልደን ስናድግ ደግሞ ሁለተኛውም ላላ። የሶማሌ ልጆች ዛሬም የአባቶቻቸውን ስም ዝርዝር በቃል ይማራሉ፤ አብቲርሲ ይሉታል። እኛ ቤት ግን የሚያስጠናን የለም።

"መዝገብ ቤት ሄደን እናየዋለና" ካላችሁ፣ ብዙም ተስፋ አታድርጉ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ራሱ (ቁጥር 760) የወጣው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው፣ በተለይ ገጠር፣ ወረቀት ካለ ዕድል ነው። ስለዚህ የኛ ቤተ መዛግብት ሰው ነው። እድሜው ሰማንያ ዘጠና የሆነ፣ ጆሮው ትንሽ የከበደው፣ ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፋ ሰው።

ብዙ ሰው "አንድ ቀን አገር ቤት ሄጄ ሙሉውን እቀዳለሁ" ይላል። ያ ቀን አይመጣም። ቢመጣም አይሠራም። አንድ አዛውንት ፊት ስልክ ደቅኖ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማስጨነቅ ያደክማቸዋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱ ሁሉ "ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ ረሳሁት" ይሆናል። ትዝታ ደሞ በትእዛዝ አይመጣም። ማታ የጠየቃችሁት ስም ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ነው ትዝ የሚላቸው። በቀን አንድ ጥያቄ የሚባለው ለዚህ ነው። ጥያቄው ውስጣቸው ያድራል፣ በማግስቱ መልሱ ሌላ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል።

በየቀኑ ለማድረግ አዲስ ሰዓት አትፈልጉ፤ ቀድሞም ካለ ነገር ጋር እሰሩት። ቤታችሁ ቡና የሚፈላ ከሆነ ከቡና የተሻለ የለም፤ አቦል እስኪወርድ ድረስ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ከቤተሰብ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ከሥራ ስትወጡ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ስልክ። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያላችሁ፣ በአይሞ ወይም በዋትስአፕ ወደ ቤት ስትደውሉ "ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን" ካለቀ በኋላ ያለችው ያቺ የዝምታ ደቂቃ ናት ቦታው። እስራኤል ላሉት ቤተ እስራኤላውያን ሰባት ትውልድ መቁጠር የታወቀ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹና ቄሶቹ ናቸውና ጊዜው እንደኛው አጭር ነው።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። "እማማ፣ ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ" ብትሏቸው "ምን አለው ብለሽ ነው፣ ችግር ነበር" ብለው ይዘጉታል። "እማማ፣ ልጅ ሆነው ውኃ የሚቀዱት ከየት ነበር? ከማን ጋር ይሄዱ ነበር?" ስትሏቸው ግን የወንዙ ስም፣ የጓደኛቸው ስም፣ የጓደኛቸው አባት፣ እንስራው የተሰበረበት ቀን ይመጣል። የሰርጋቸው ቀን ሚዜዎች እነማን ነበሩ? አባታቸው ሲሞቱ ማን መጥቶ አረዳ? ማን ክርስትና አነሳቸው? እኛ እንደታዘብነው ስም በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ቦታና ሥራ መጠየቅ ብዙ ስም ያመጣል።

የሚነገራችሁን በስልክ ቅዱት፤ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ። "እማማ፣ ድምፅዎን ልቅዳው? ልጆቼም እንዲሰሙት ነው" ማለት ይበቃል፤ በድብቅ መቅዳት ነውር ነው። ፋይሉን ስልኩ በሰጠው ስም አትተዉት፤ "2017 ጥር 5፣ አያቴ፣ የአባታቸው ቤት" ብላችሁ ሰይሙት። ከሁለት ወር በኋላ ስልሳ ድምፅ ሲኖራችሁ ትገነዘቡታላችሁ። ወዲያው ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ከዚያ ዋናውን ነገር በአንድ ደብተር ላይ በሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን ተባለ፣ ማን አለው፣ መቼ አለው። "ማን አለው" የምትለዋን አትዝለሉ። አያታችሁና ታላቅ እህታቸው የተለያየ ነገር ሲናገሩ (ይናገራሉም) የትኛውን ከማን እንደሰማችሁ ካላወቃችሁ ሁለቱም ይበላሻሉ።

አሁን ወደ አስቸጋሪውና ወደሚጥመው ክፍል እንምጣ፤ ዓመት መፈለግ።

አያቶቻችን ቀን በቁጥር አይነግሩንም። ግን ያውቁታል፤ በራሳቸው መንገድ። "ጣልያን ሲገባ" 1928 ነው። "ጣልያን ሲወጣ" 1933። "የኅዳር በሽታ" 1911። "የታኅሣሥ ግርግር" 1953። "መሬት ላራሹ" 1967፤ "ሰባ ሰባት" ራሱን ይናገራል፤ "ደርግ ሲወድቅ" 1983። ከዚህ በኋላ ሥራው እንደ መርማሪ ነው። "ታላቅ እህቴ ጣልያን ሲወጣ የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር" ካሉ፣ የወተት ጥርስ መውለቅ የሚጀምረው ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ስለሆነ እህታቸው በ1926 ወይም በ1927 ገደማ ተወልደዋል። "በሰባ ሰባት አጎትህን አዝዬ ነው የወጣሁት" ካሉ፣ የሚታዘል ልጅ ከሁለት ዓመት ብዙም አያልፍምና አጎት የ75 ወይም የ76 ልጅ ነው። ደብተራችሁ ላይ "ገደማ" የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ግምትን እንደ እርግጥ መጻፍ ለቀጣዩ ሰው ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ቀኑስ? ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ክርስትና አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። "አባትህ ክርስትና የተነሳው ጥር 21፣ የአስተርዮ ማርያም ለት ነው" ካሏችሁ 40 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ታኅሣሥ 11 ወይም 12 ላይ ታርፋላችሁ። የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይመቻል። (ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን አስሏት!) ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ረመዳን አለ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ዓመቱን ዞሮ ወደ ነበረበት ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት አካባቢ ነው። ረመዳን ሐምሌ ላይ የገባው በ1939፣ በ1972 እና በ2005 ነው። ስለዚህ አያት "የተወለድኩት በፆም ነው፣ ደግሞ ዝናቡ ዝናብ እንዳይመስልህ፣ ሐምሌ ነበር" ካሉና ዛሬ ሰማንያ ገደማ የሆኑ ከመሰላችሁ፣ 1939ን ወይም ጎረቤቱን ዓመት ያዙ።

የውጭ አገር ወረቀት ያለው ዘመድ ካላችሁ ተጠንቀቁ። የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ሐበሾች የበዙት ሁሉም ያን ቀን ተወልደው አይደለም፤ ቀኑ ያልታወቀ ሰው ሲመዘገብ የሚሰጥ ቀን ስለሆነ ነው። ዓመቱንም በደፈናው 8 አትቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8።

ስም ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም ይኖረዋል። ፍትሐት ላይ የሚጠራው የክርስትና ስም ስለሆነ፣ ተዝካር ላይ የሰማችሁት ወልደ ማርያም እና ሰፈር የሚያውቃቸው ጋሽ በቀለ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዳንድ አካባቢ ሙሽራ ባል ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ወሎ ቢሆን ደግሞ በአንድ ቤት አንዱ ወንድም መሐመድ፣ ሌላው ገብረ ሥላሴ ሆኖ ብታገኙ ስሕተት መስሏችሁ አንዱን አትሰርዙ። ስለዚህ ሁሌም አስከትሉ፦ "ሌላ ስም ነበራቸው? እናታቸው ምን ብለው ነበር የሚጠሯቸው?"

የሚጠየቅ ሰው የሌለበት ቀንም ይኖራል። ያን ቀን ወረቀት ነው። አልበሙ ውስጥ ካለ አንድ ፎቶ ጀርባውን ገልብጡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ይነግራችኋል። በሳጥን ግርጌ ያለ የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ውል፣ ሁሉንም ፎቶ አንሷቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የእድር መዝገብ ነው። እድር ለማን ሐዘን ገንዘብ እንደሚከፍል ማወቅ ስላለበት በብዙ ቦታ የአባሉን ቤተሰብ ስም ይመዘግባል፤ የሰፈራችሁን እድር ጸሐፊ በአክብሮት ብትጠይቁ ወላጆቻችሁ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያስመዘገቡትን ልታገኙ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር የቆዩ ጋዜጦችን ማየት ትችላላችሁ፤ አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ አለ። ግን ወመዘክር የምትሄዱት የምትፈልጉትን ስምና ዓመት ከሰው አፍ ካገኛችሁ በኋላ ይሁን፤ ያለበለዚያ ቀናችሁን ታቃጥላላችሁ።

ጥያቄ የማይመለስበት ቦታም አለ። የቀይ ሽብር ዓመታት፣ በጦርነት የቀረ ልጅ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በማደጎ ያደገ። አያታችሁ ዝም ካሉ ዝም በሉ። ደብተሩ ላይ "አልተነገረም" ብላችሁ ጻፉና ሌላ ቀን ስለ ውኃ ወንዙ ጠይቁ። አንዳንዴ ከወር በኋላ ራሳቸው ያነሱታል፤ ባያነሱትም መብታቸው ነው። ዘር ቆጠራ በዚህ አገር ሰው ለመክበር ብቻ ሳይሆን ሌላውን ለማዋረድም ውሏል። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ የባሪያ ልጅ የተባለውን "ዘሩ ይታወቃል" እያሉ ከጋብቻ ለማራቅ ያገለገለውም ይኸው ቆጠራ ነው። በኛ እምነት ይህን ሥራ የምንሠራው ማን "ንጹሕ" እንደሆነ ለመለየት ከሆነ ደብተሩ ባይገዛ ይሻላል። ደግሞም በቅንነት ከቆጠራችሁ ሦስተኛው ወይም አራተኛው አያት ላይ ያልጠበቃችሁት ቋንቋ ወይም ሃይማኖት ብታገኙ አይግረማችሁ።

አንድ ቀን ቢያልፋችሁ? ያልፋል። ለቅሶ አለ፣ ፈተና አለ፣ መብራት ይጠፋል። በማግስቱ ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ አትሞክሩ፤ አንዱን ብቻ ጠይቁና ቀጥሉ። በጣም በደከማችሁ ቀን የትናንቱን ድምፅ እያዳመጣችሁ አንድ ስም ወደ ደብተር ብትገለብጡ የዚያን ቀን ድርሻ ሠርታችኋል። የተሰበሰበው የሚፈተነው ደግሞ ዘመድ ሁሉ በሚገናኝበት ቀን ነው። ጉራጌዎች ለመስቀል፣ ስልጤዎች ለአረፋ አገር ቤት ሲገቡ፣ ሌላውም ለፋሲካ ሲሰባሰብ፣ የጻፋችሁትን የስም ዝርዝር መሐል ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንዷ አክስት "ኧረ እሷ አይደለችም ታላቋ!" ብላ ታስቆማችኋለች። እሷን ነው የምትፈልጉት፤ የሚቀጥለው ወር ጥያቄ የእሷ ነው።

ዝርዝሩን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አጋሩ፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የእናት ስም አትለጥፉ። የእናት ሙሉ ስም በብዙ ፎርም ላይ ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠየቅ ነገር ነው። የሟቾቹንም ቢሆን ቅርብ ዘመድ ሳይጠየቅ አይለጠፍ።

ለዛሬ ማታ ጥያቄ ካጣችሁ፦ "እማማ፣ እናትዎ በየትኛው መንደር ተወለዱ? እዚያስ ዛሬ ማን አለ?"