የጾም ማዕድና ጤናችን፦ ከዳባትና ከደባርቅ ጓዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ሰባቱን የዐዋጅ አጽዋማት ጠብቀን ስንጾም ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይተን እናሳልፋለን። ስለዚህ የጾም ማዕድ አልፎ አልፎ የሚቀርብ ምግብ ሳይሆን የሰውነታችን ዋና ስንቅ ነው። ነፍስን ለማትጋት የተቀበልነው ጾም በዕውቀት ማነስ ሥጋን የሚጎዳ እንዳይሆን ማሰብም ከምእመናን ይጠበቃል። በዚህ ጽሑፍ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚገኙትን የዳባትንና የደባርቅን ጓዳ መነሻ አድርገን፣ በአነስተኛ ወጪ ጤናማ የጾም ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅና ማን በጾም ሊገደድ እንደማይገባ እንመለከታለን።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች፣ ተልባና ነጭ ሽንኩርት ይበቅላሉ። ይሁን እንጂ አካባቢው በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ገጠር ደርሶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያም ጃን አሞራና ጠለምት በድርቅ ተጎድተዋል። ስለዚህ ስለ ጤናማ ምግብ ስንናገር በውድ ዋጋ ከሩቅ የሚመጣውን ሳይሆን በቤት ጎተራና በገበያ ቀን የሚገኘውን ማለታችን ነው።

ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በሉ፤ ከዐሥር ቀን በኋላም ፊታቸው አምሮ ታየ። በእኛም ሥርዓት በጸሎተ ሐሙስ የምንበላው ጉልባን ስንዴንና ባቄላን አንድ ላይ የያዘ ነው። ይህ ውሕደት ለሰውነት ትልቅ ጥቅም አለው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ በገብስና በስንዴ የሚያንሰው ክፍል በባቄላና በአተር ይገኛል፤ በጥራጥሬ የሚያንሰውም በእህል ይሞላል። ስለዚህ ድንች ብቻ ወይም እንጀራ በበርበሬ ብቻ የሚበላ ቤተሰብ ቢጠግብም ሰውነቱ ይጎድልበታል። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ቢቀርብ ግን የሥጋን ጉድለት በብዙ ይሸፍናል።

በደጋ አገር ያሉ እናቶች ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ማገዶም ይፈጃል ሲሉ እንሰማለን፤ እውነት ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በደባርቅ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ጥራጥሬው ይዘገያል። መፍትሔው ሌሊቱን መዘፍዘፍና ጠዋት ውኃውን መድፋት ነው። በዚህም ማገዶ ይቆጠባል፤ ሆድ የሚነፋውም ነገር ይቀንሳል። ባቄላውን እስኪያጎነቁል አቆይቶ በቆልት ማድረግ ደግሞ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲቀበለው ይረዳል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ መቡካቱም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።

ብረት የሚያንሰው ሰው ደሙ ያንሳል፤ ይደክመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። በጥራጥሬና በጎመን ያለው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ መብላት ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል፤ ስለዚህ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል።

ለምሳሌ ለአምስት ሰው የሚበቃ ወጥ እንዲህ ይዘጋጃል። ሁለት ብርጭቆ የባቄላ ወይም የአተር ክክ ሌሊቱን እንዘፈዝፋለን። ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ ካበሰልን በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ እንጨምራለን፤ ከዚያም ክኩን ጨምረን እናበስላለን። ሊወጣ ሲል የተከተፈ ጎመን እንጨምርበታለን፤ ካወረድነው በኋላ ጨውና ቃሪያ አድርገን፣ ሎሚ ጨምቀን በገብስ ወይም በጤፍ እንጀራ እናቀርበዋለን። የተፈጨ ተልባ በውኃ በጥብጦ መጠጣትም ጾመኛን ከሆድ ድርቀት ይጠብቃል፤ ለልብ የሚስማማ ቅባትም ይሰጣል። በብርድ ወቅት በጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ በቁጥብነት መጠቀም ይገባል።

ጨውን መጨረሻ ላይ መጨመራችን ምክንያት አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ጤና በቋሚነት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ በዳባት አለው፤ በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶችም እንቅርት በተማሪዎች ዘንድ የተስፋፋ ችግር መሆኑን አሳይተዋል። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈሩ ጠርገው ይወስዱታል፤ ከዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ጉዳቱ በአንገት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚደርስ የአዮዲን እጥረት የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዘዘው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ጨው ገዝተን በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቀን ማስቀመጥ አለብን፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳልና ከወጡ መውረድ በኋላ እንጨምረው። መጠኑም ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ፤ የበዛ ጨው የደም ግፊትን ያስከትላል።

በችግር ጊዜ ርካሽ የሆነው ጓያ ይበዛል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የማይድን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ ከእህል ጋር በብዛት ቀላቅሎ በጥቂቱ መጠቀም አደጋውን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ግን ስለ ሕፃናት፣ ስለ እናቶችና ስለ ሕሙማን ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ቤተ ክርስቲያናችን በጾም አታስገድድም። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመንና አቅም ያነሰውን አይዘነጋም። ሆኖም አንዳንድ ቤተሰብ የጾም ዕቃ እንዳይነካ በማለት በዐቢይ ጾም ለሕፃኑ እንቁላል ማብሰልን፣ ወተት ማፍላትን ይተዋል። ሕፃኑ ግን በአእምሮና በአካል የሚያድግበት ጊዜ አያመልሰውም። በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ በእህልና በአትክልት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ለደሙና ለነርቩ ያስፈልገዋል። ለእርሱ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ጾማችንን አያፈርስም። ስድስት ወር ከሞላው በኋላም ከእናት ጡት ጋር፣ ከተቆላና ከተፈጨ ሦስት እጅ ገብስና አንድ እጅ አተር የተሠራ ገንፎ በእንቁላል ወይም በወተት ተዳብሶ ቢሰጠው ያፋፋዋል።

እርጉዝና አጥቢ እናቶች፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንም መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡ፤ ከሐኪምም ከንስሓ አባታቸውም ጋር ይመካከሩ። ካህናት አባቶችም በየንስሓ ልጆቻቸው ቤት ይህንን ቢጠይቁ ብዙ ሕፃናትንና እናቶችን ይታደጋሉ። እናት፣ ሥርዓት የሻርኩ መስሏት በልጇ ፊት በፍርሃት እንዳትቀመጥ የሚያጽናናት የአባት ቃል ነው።

ጾም ማዕድን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ለተራበ ማካፈልም ነው። በጎተራችን ካለው ባቄላ አንድ ቁና፣ ከምንገዛው ጨው አንድ ጥቅል ለተፈናቀለና በድርቅ ለተጎዳ ጎረቤት ብናደርስ፣ ጾማችን የሌላውንም ጤና ይጠብቃል።

ሥጋችንንና ነፍሳችንን ለፈጠረ ለልዑል እግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።