ስለ ስትሮክና ስለ አዲሱ የሕዋስ ሕክምና

በዲላ ወይም በሌላው የጌዴኦ አገር የአንዱ ቤት አባት ድንገት ጎኑ ዝሎ አንደበቱ የታሰረ እንደ ሆነ፣ ቤተ ዘመድ የቡና ማሳውን ሸጦ ስቴም ሴል ወደሚባለው የውጭ አገር ሕክምና ለመላክ ይመክር ይሆናል። ይህ ሕዋስ ሥራው ገና ያልተለየና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ነው፤ ከመቅኔም ይወሰዳል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ከመቅኔ የተገኘ ሕዋስ ስትሮክ በቆየባቸው 18 ሰዎች አንጎል ውስጥ ቢያገቡ፣ አንዳንዶቹ እጅና እግራቸውን ከቀድሞ ይልቅ ማንቀሳቀስ ቻሉ። ዳሩ ግን ሕዋሱን ካልተቀበሉ በሽተኞች ጋር አልተመዘኑም ነበር፤ ሲመዘን፣ በ2019 ዓ.ም. የተነገረው የሰፊው ፈተና ውጤት የታሰበውን ሳያሳይ ቀረ። ማሳ የሚያሸጥ ማስረጃ ይህ አይደለም።

የሚያስቈጨውስ በምክር መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው። የረጋ ደም የደም ሥሩን ዘግቶ እንደ ሆነ፣ ማቅለጫው መድኃኒት የሚሰጠው ባብዛኛው ደዌው ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን በአንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ከታወቀ በኋላ። ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ ለሚወርድ በሽተኛ መንገዱ ራሱ ከዚህ ይቈረሳል። ስለዚህ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲሰናከል ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ፣ የጀመረበትንም ሰዓት ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።