“ንጽህናው ዝቅተኛ ነው” ከሚል ሪፖርት ባሻገር

በምዕራብ ጎጃም ቡሬና ወንበርማ በበርበሬ ምርታቸው ይታወቃሉ። በርበሬ ለአካባቢው አርሶ አደር የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት፣ የልጆች የትምህርት ወጪ የሚሸፈንበት ሰብል ነው። ይሁን እንጂ ምርቱ ከማሳ እስከ መጋዘን ባለው ጉዞ በዓይን የማይታይ አደጋ ያጋጥመዋል፤ አፍላቶክሲን።

አፍላቶክሲን በሚገባ ባልደረቀ ወይም ከደረቀ በኋላ ዳግም በረጠበ ምርት ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ቢፈጭም ቢቀቀልም በቀላሉ አይጠፋም። የአውሮፓ ህብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም ነው። ይህም በ1 ሺህ ኩንታል ውስጥ 1 ግራም እንደማለት ነው። ህብረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያን ቅመማ ቅመም በአፍላቶክሲን፣ ሰሊጥን ደግሞ በሳልሞኔላ ምክንያት የተጠናከረ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አስቀምጧል። የአገር ውስጥ ሸማችም ቢሆን ያንኑ በርበሬ በየቀኑ ይመገባል።

አደጋውን ቀድሞ ለመያዝ ከሚያገለግሉ መሳሪያዎች አንዱ የመጋዘንና የማቀነባበሪያ ቁጥጥር ነው። ተቆጣጣሪው ያየውን ለውሳኔ ሰጪው የሚያደርሰው በሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ደካማ ከሆነ ጉብኝቱ አበልና ነዳጅ ፈጅቶ ይቀራል።

ያዩትን በልኩ መጻፍ

“የመጋዘኑ ንጽህና ዝቅተኛ ስለሆነ ሊሻሻል ይገባል” የሚል ሪፖርት ማንንም ወደ ሥራ አያስገባም። የመጋዘን ኃላፊው ምኑን እንደሚያስተካክል፣ የወረዳው ጽህፈት ቤትም በቀጣዩ ጉብኝት ምን እንደሚያረጋግጥ አይነግረውም። በአንጻሩ “በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር 14 ጆንያ ያለ ርብራብ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጣሪያው በዚያው በኩል ያፈስሳል፤ ከታች ያሉት 5 ጆንያዎች ረጥበዋል፤ ፎቶ ተያይዟል” ተብሎ ቢጻፍ ሥራው በግልጽ ይታወቃል።

የተሟላ ግኝት ምን እንደታየ፣ የትና መቼ እንደታየ፣ የትኛውን መስፈርት እንደሚጥስና ማስረጃው ምን እንደሆነ ያስረዳል። ዓለም አቀፉ የኦዲት መመሪያ አይ.ኤስ.ኦ 19011ም መደምደሚያ ሊረጋገጥ በሚችል ማስረጃ ላይ እንዲመሠረት ይጠይቃል። ክብደትን መለየትም ያስፈልጋል። የተሰበረ መስኮትና የሻገተ በርበሬ በአንድ ዝርዝር ውስጥ እኩል ከተቀመጡ ዋናው አደጋ ይሸፈናል።

አንድ እፍኝ አይበቃም

አፍላቶክሲን በምርቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንዱ ጆንያ ንጹህ ሆኖ ጎረቤቱ ሊበከል ይችላል። ስለዚህ በር አካባቢ ካለ ጆንያ የተዘገነ አንድ እፍኝ ስለ መጋዘኑ ሁሉ አይመሰክርም። ሪፖርቱ ከስንት ጆንያ ውስጥ ከስንቱ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ናሙና እንደተወሰደ መግለጽ አለበት። የእርጥበት መለኪያው ትክክለኛነት መቼ እንደተረጋገጠም መጻፍ ይኖርበታል። ይህ ካልተጻፈ “ችግር አልተገኘም” የሚለው ቃል “አልተፈለገም” ከሚለው አይለይም።

“የግንዛቤ እጥረት” መልስ አይሆንም

በሪፖርቶች ውስጥ በመንስኤነት ቶሎ የሚጠቀሰው የአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት ነው። መፍትሔውም ሥልጠና ይሆናል። ይሁንና በደረቀ በርበሬ ላይ ውሃ የመርጨትን ልማድ ለአብነት እንውሰድ። በጣም የደረቀ ዛላ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል፤ የተሰባበረውን ደግሞ ገዥው ዋጋ ይቀንስበታል። ውሃ የተረጨበት ዛላ ግን አይሰበርም፣ ሚዛንም ያነሳል። ገዥው እርጥበት ሳይለካ በኪሎ ብቻ እስከገዛ ድረስ አድርቆ የሚያቀርብ አርሶ አደር ከሳሪ ይሆናል። እዚህ ላይ የጎደለው እውቀት ብቻ አይደለም፤ ግብይቱ ራሱ እርጥበትን ይሸልማል።

ተቆጣጣሪው “ለምን?” ብሎ ደጋግሞ ከጠየቀ የሚጽፈው ምክረ ሃሳብ ይለወጣል። የህብረት ሥራ ማህበሩ በመረከቢያ ቦታ እርጥበት ለክቶ እንዲገዛ፣ ለደረቀ ምርት የተሻለ ዋጋ እንዲከፍል፣ ምርቱ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ እንዲሰጣ ሊያሳስብ ይችላል። የረጠበውን ጆንያ ለይቶ ማውጣት የዕለቱን ችግር ያቃልላል፤ መንስኤው ካልተነካ ግን በቀጣዩ ምርት ዘመን ያው ግኝት ተመልሶ ይጻፋል።

ከመዝገብ ቤት ወደ ሥራ

ማንኛውም የማስተካከያ እርምጃ ፈጻሚው፣ የሚጠናቀቅበት ቀንና የሚረጋገጥበት መንገድ ሊጻፍለት ይገባል። ቀጣዩ ጉብኝትም ያለፈውን ሪፖርት በመክፈት መጀመር አለበት። የወረዳ አመራሮች በበኩላቸው ተቆጣጣሪን በጎበኛቸው መጋዘኖች ብዛት ብቻ መመዘን የለባቸውም፤ ስንቱ ግኝት ተስተካክሎ እንደተዘጋም ሊጠይቁ ይገባል። ችግር ያገኘ ተቆጣጣሪ የሚወቀስ ከሆነ የሚቀርበው ሪፖርት ሁልጊዜ ያማረ ይሆናል።

አርሶ አደሩም ምርቱ ሲፈተሽ ናሙናው ከየት እንደተወሰደና ውጤቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። ውጤቱ በቢሮ ፋይል ውስጥ ከቀረ አይጠቅመውም፤ በቀበሌ ስብሰባ ወይም በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ቀጣዩ በርበሬ ከመሰጣቱ በፊት ሊደርሰው ይገባል።